በዘመነ ጽጌ ስለሚነሣው የአፍንጫ ሕመምና ስለ ሁለቱ ወገን መድኃኒቶቹ



ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ያሉት አርባ ቀናት፥ ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ጽጌ ብላ የሰየመቻቸው፥ ክረምቱ አልፎ ምድር በአበባ የምትሸለምባቸው፥ ሊቃውንቱም ማኅሌተ ጽጌን ቆመው የሚያድሩባቸው ቀናት መሆናቸውን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት፥ ለብዙው ሰው የዓይን ደስታ የሆነው ይኸው ወራት ለአንዳንዱ የማሳከክና የእንባ፥ የማስነጠስና የአፍንጫ መዘጋት ወራት ስለ መሆኑ፥ ለዚህም ሕመም ሐኪሞች የሚያዙት መድኃኒትና ሕዝቡ ከአባት ከእናቱ የተቀበለው መድኃኒት እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚጠቅም፥ የት ላይም እንደሚጎዳ ነው።

አባቴ ድጓውን የዘለቁ መሪጌታ ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ ድምፃቸው እንደ መረዋ ሲያስተጋባ የኖሩት እኒያ ሰው፥ ዘመነ ጽጌ በገባ በሳምንቱ አፍንጫቸው እየፈሰሰ፥ ዓይናቸው ደም መስሎ፥ ድምፃቸው ተዘግቶ፥ በአንድ እጃቸው ጸናጽሉን በሌላው መሐረባቸውን ይዘው ማኅሌት ሲቆሙ እያየሁ አደግሁ። አንዱ ጎረቤት የሌሊት ብርድ ነው ይላል፤ ሌላው ምች ነው ይላል፤ እናቴ ደግሞ ጥቁር አዝሙድ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ «እስቲ ይህን ያሽትቱ» እያለች ትሰጣቸው ነበር። ብርድ ቢሆን ኖሮ ውርጭ በሚበረታበት በታኅሣሥ ሊብስባቸው ሲገባ፥ በዚያን ጊዜ ፈጽመው ይድኑ የነበረው ስለ ምን እንደ ሆነ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም ብሆን የመድኃኒት ቅመማ ትምህርት ገብቼ ነገሩን እስክረዳው ድረስ አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲህ በመድኃኒት ቤት ባገለገልሁበት ዘመን ሁሉ፥ በየጥቅምቱ ዓይናቸውን እያሹ «የሳይነስ መድኃኒት ስጠኝ» የሚሉኝን ሰዎች ባየሁ ቍጥር አባቴ ትዝ ይሉኛል።

ሕመሙ በእንግሊዞች ዘንድ የድርቆሽ ትኩሳት ማለት የሆነ ስም አለው፤ ነገር ግን መነሻው ድርቆሹ አይደለም፥ ትኩሳትም የለበትም። ሐኪሞች አለርጂክ ራይናይተስ ይሉታል። በእኛ አገር ሕዝቡ ሳይነስ ብሎታል፤ ይህም እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም፥ የተሳሳተ ስም የተሳሳተ መድኃኒት ይጠራልና። ሳይነስ ማለት በግንባርና በጉንጭ አጥንት ውስጥ ያለ፥ ሰው ሁሉ ያለው ባዶ ክፍል እንጂ የበሽታ ስም አይደለም፤ እነዚህ ክፍሎች በተህዋስያን ተመርዘው ባበጡ ጊዜ ፊት ይከብዳል፥ ጐንበስ ሲሉ ያማል፥ ወፍራምና ቀለም ያለው ንፍጥ ይወርዳል፥ ብዙ ጊዜም ትኩሳት ይኖራል። ጉንፋን ደግሞ በጉሮሮ ሕመምና በሰውነት መቈራጠም ጀምሮ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ይለቃል። የአበባ ብናኝ ሕመም ግን ከሁለቱም የተለየ ነው፤ አከታትሎ አምስት ስድስት ጊዜ ያስነጥሳል፥ አፍንጫን፥ ዓይንንና ላንቃን ያሳክካል፥ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ያወርዳል፥ ለሳምንታት ይቈያል፥ በሚመጣውም ዓመት ጊዜውን ጠብቆ ይመለሳል። ከምልክቶቹ ሁሉ ዋናው ማሳከኩ ነው። በዚህ በስም ስሕተት ምክንያት ስንት ሰው ዓመት እየጠበቀ አሞክሳሲሊን ሲውጥ እንደ ኖረ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ፤ ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት ግን በአበባ ብናኝ ላይ ሥልጣን የለውም፥ ሆድን ያውካል፥ ተህዋስያኑም እንዲለምዱት ያደርጋል፥ ሌላ የሚፈጽመው ነገር የለም።

ብናኝ የምንለው አበባ የሚራባበት፥ ከወንዴው ክፍል ተነሥቶ ወደ ሴቴው የሚሄድ ረቂቅ ዱቄት ነው። ተክሎችም ይህን ዱቄት በሁለት መንገድ ይልኩታል። እንደ አደይ አበባ ያሉት፥ ዓይን የሚስብ ቀለም የተሰጣቸው፥ ንብንና ሌሎችን ነፍሳት መልእክተኛ አድርገው ይልካሉ፤ ብናኛቸውም ከባድና የሚያጣብቅ ስለ ሆነ በአየር ርቆ አይሄድም። ቀለምም መዓዛም የሌላቸው ሣሮች ግን መልእክተኛቸው ነፋስ ነው፤ ነፋስም የተላከበትን ደጃፍ ለይቶ የማያደርስ ስለ ሆነ፥ ጥቂቱ እንዲደርስ እልፍ አእላፋት ብናኝ ወደ አየር ይለቃሉ። ስለዚህ በመስከረም መስክ ቆሞ ዓይኑ ያለቀሰ ሰው አደይ አበባን ሲወቅስ ንጹሑን መወንጀሉ ነው፤ በደለኛው ከአደዩ ሥር፥ በአጥር ጥግና በመንገድ ዳር፥ ማንም ልብ ሳይለው ያዘረዘረው ሰርዶና የሣር ወገን ሁሉ ነው። የሣር ብናኝ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሣ ሠላሳ ያህሉ ተሰልፎ በአንድ ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ሊቆም ይችላል። ከሌሊቱ ይልቅ ጧት ጧት ይበዛል፤ ደረቅና ነፋሻ ቀን ይበትነዋል፤ የረጋ ዝናብ ያጥበዋል።

እዚህ ላይ ስለ በዓል ጉዝጓዝ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። በበዓል ቀን ቤታችንን የምናስጌጥበት ለምለም ሣር ያላዘረዘረ እንደ ሆነ ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን ከቄጠማው ጋር ያዘረዘረ ሣር ተቀላቅሎ ሲመጣ፥ ብናኙን ከመስክ አንሥተን ልጆቻችን በሚተኙበት ወለል ላይ በእጃችን መበተናችን ነው። ጉዝጓዙን ተዉ አልልም፤ ጌጣችን ነው፥ እኔም እወደዋለሁ። ሕመምተኛ ያለበት ቤት ግን ያላዘረዘረውን መርጦ ይግዛ፥ ከደጅ አራግፎ፥ ውሃ ረጨት አድርጎ ያስገባ፥ ሳይደርቅና ሳይደቅም ጠርጎ ያውጣ። በጽጌ ብቻ ሳይሆን ክረምት ከበጋ የሚያስነጥሰው ሰው ደግሞ ጠላቱን በመስክ ሳይሆን በቤቱ ይፈልግ፤ በፍራሽና በብርድ ልብስ ውስጥ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ የአቧራ ነፍሳት፥ የግድግዳ ሻጋታ፥ የድመት ጠጕር፥ በረሮም ይህንኑ ሕመም ያመጣሉ።

ይህ መርዝ የሌለበት ዱቄት ስለ ምን ያውከናል? ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። በአንድ መንደር ሌሊት አንድ ጊዜ ሌባ የገባበት ሰው፥ ከዚያ በኋላ መንገደኛ በደጁ ባለፈ ቍጥር «ኡኡ» ብሎ ቢጮኽ፥ መንደርተኛውም ዱላውን ይዞ በጨለማ ቢወጣ፥ መንገደኛው ምንም ሳይሆን ያልፋል፤ የሚረገጠው ግን የመንደሩ የራሱ ሰብል ነው። የአንዳንድ ሰው አካልም እንዲሁ ነው። ብናኙን መጀመሪያ ሲያገኘው ጠላት ነው ብሎ ይመዘግበዋል፥ በስሙም ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ የተባለ ልዩ ዘበኛ ያዘጋጅለታል፤ ይህን ዘበኛ በ1966 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ያገኙት ኢሺዛካ የተባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት ናቸው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ዘበኞቹ በአፍንጫ ገለፈት ውስጥ ባሉት ማስት በሚባሉ ሕዋሳት ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ብናኙ ሁለተኛ ሲመጣ ይጮኻሉ፥ ሕዋሳቱም ሂስታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ያፈስሳሉ። ማሳከክ፥ ማስነጠስና ፈሳሽ የዚህ የመጀመሪያው ጩኸት ሥራ ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ጩኸቱን ሰምቶ ከሩቅ የመጣው ሁለተኛው ሠራዊት ይደርሳል፤ አፍንጫን የሚያሳብጥና የሚዘጋ እርሱ ነው። ይህን የሁለቱን ጊዜ ልዩነት በልባችሁ ያዙልኝ፤ የመድኃኒቶቹ ልዩነት ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ፤ በታሪኩ ላይ ጥቂት የምቈይበትም ምክንያት አለኝ። በ1819 ዓ.ም. ጆን ቦስቶክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በለንደን ሐኪሞች ማኅበር ፊት ቆሞ ከልጅነቱ ጀምሮ በየዓመቱ በበጋ መግቢያ ዓይኑና ደረቱ ስለሚታመም አንድ የ46 ዓመት ሰው ጽሑፍ አነበበ፤ የበሽተኛውን ስም በሁለት ፊደላት ብቻ ጠቀሰው፤ በሽተኛውም ራሱ ቦስቶክ ነበር። ይህ ሰው በዘመኑ የታወቀውን ሕክምና ሁሉ በራሱ ላይ ሞክሯል፤ ደሙን አስቀድቷል፥ በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሯል፥ ኦፒየምና ሜርኩሪ ወስዷል፥ አልዳነም። ጥቂት ዕረፍት ያገኘው በባሕር ዳር ተቀምጦ ከቤት ሳይወጣ በከረመ ጊዜ ነበር። በ1828 ዓ.ም. ሌሎች 28 እንደ እርሱ የታመሙ ሰዎችን ፈልጎ ስለ እነርሱ ሁለተኛ ጽሑፍ አቀረበ። የዚያን ጊዜ የአገሩ ሕዝብ ምክንያቱ የድርቆሽ ሽታ ነው ይል ነበር፤ እርሱ ግን አልተቀበለውም፥ የፀሐይ ሙቀት ነው ብሎ ያምን ነበር። በዚህ ነገር ከሐኪሙ ይልቅ ሕዝቡ ወደ እውነቱ ቀርቦ ነበር ብል አልተሳሳትሁም።

እውነቱን የገለጠው ቻርልስ ብላክሊ የተባለው የማንችስተር ሐኪም ነው፤ እርሱም ራሱ የዚህ ሕመም ታማሚ ነበረ። ብላክሊ የአበባ ብናኝ በሌለበት ወራት ያስቀመጠውን ብናኝ ወደ አፍንጫው እየሳበ ሕመሙን በገዛ እጁ አስነሣ፤ የክንዱን ቆዳ ጭሮ ብናኝ ቢያኖርበት ቆዳው አበጠና አሳከከው፥ ይህም ዛሬ በቆዳ ላይ የሚደረገው ምርመራ አባት ነው፤ የሚያጣብቅ ቅባት የተቀባ ብርጭቆ ከደጅ እያኖረ በየቀኑ የወደቁበትን ቅንጣቶች በማጉያ መነጽር ቈጠረ፤ ከዚያም አልፎ ብርጭቆውን በካይት ላይ አስሮ ወደ ሰማይ ሰደደና ብናኙ በላይኛው አየር ጭምር እንደሚንሳፈፍ አረጋገጠ። ይህን ሁሉ በ1873 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመው። አሁን ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ሆሚዮፓቲ ከሚባለው፥ መድኃኒትን እጅግ በማቅጠን ያድናል ከሚለው የሕክምና ወገን ነበር፤ ያ ትምህርት እስከ ዛሬ ድረስ ለዚህ ሕመም መጥቀሙ በሚያረካ መንገድ አልተረጋገጠም። እንግዲያውስ ብላክሊን ያከበረው የተቈጠረበት ወገን አይደለም፥ ወገኑም አላዋረደውም፤ ያከበረው መቍጠሩ ነው። እኔም የዘመናዊውንና የባህላዊውን መድኃኒት ነገር ስመረምር የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ከማን እጅ መጣ ሳይሆን ሲቈጠር ምን ሆኖ ተገኘ የሚለውን።

ሁለቱን ወገኖች የሚለየው ግድግዳ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ወፍራም እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላ ነገር ልጨምር። በግብፅ ኬላ የሚባል፥ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ፍሬውን አፍልተው ለሕመም የሚጠጡት ቅጠል አለ። በሶርያ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር የሠራው ሐኪም ሮጀር አልቱንያን፥ ራሱ አስም ያለበት ሰው፥ ከዚህ ተክል በተገኘው ንጥረ ነገር መነሻነት የተቀመሙትን ቅመሞች ዓመታት ሙሉ በገዛ ሳንባው ላይ እየሞከረ፥ በመጨረሻ ክሮሞግላይኬት የተባለውን፥ ዛሬም ለዓይን ማሳከክ በጠብታ የሚሰጠውን መድኃኒት ለዓለም አበረከተ። አፍንጫ የሚከፍተው ኤፌድሪንም እንዲሁ ቻይናውያን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠጡት ከኖሩት ቅጠል፥ ጃፓናዊው ናጋይ በ1885 ዓ.ም. ያወጣው ነው። ቅጠሉ የሕዝብ ነበር፤ መጠኑን፥ ጥቅሙንና ጉዳቱን ለይቶ ያወቀው ምርመራው ነው።

ከሐኪሞች መድኃኒት ልጀምር። በመጀመሪያው ጩኸት ላይ የሚሠሩት ፀረ ሂስታሚን ናቸው፤ የእነዚህን መንገድ በ1937 ዓ.ም. በፓሪስ የከፈተው ዳንኤል ቦቬት ሲሆን በ1957 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ቀደምቶቹ፥ እንደ ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን ያሉት፥ ወደ አንጎል ስለሚገቡ ያስተኛሉ፤ ስለዚህ መኪና ለሚነዳ፥ በማሽን ላይ ለሚሠራና ፈተና ለሚቀመጥ ተማሪ አይገቡም፤ ጧት ውጦ መሪ የሚይዝ ሰው በራሱና በሌላው ነፍስ ላይ ይፈርዳል። ኋለኞቹ ሎራታዲንና ሴቲሪዚን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ፥ እንቅልፍም የሚያመጡት በጣም ባነሰ መጠን ነው፥ ሴቲሪዚን ግን ጥቂቱን ሰው ያስተኛልና መጀመሪያ ማታ ሞክሩት። እነዚህ ለማሳከክ፥ ለማስነጠስና ለፈሳሽ መልካም ናቸው፤ የተዘጋ አፍንጫን ለመክፈት ግን ደካሞች ናቸው፥ መዘጋቱ የሁለተኛው ሠራዊት ሥራ ነውና።

ሁለተኛውን ሠራዊት የሚመልሰው ወደ አፍንጫ የሚረጨው ስቴሮይድ፥ ማለት ቤክሎሜታሶን፥ ፍሉቲካሶን ወይም ሞሜታሶን ነው። ከመጠነኛው ሕመም አልፎ ለበረታው ከመድኃኒቶች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ነገር ግን በአገራችን እጅግ የተበደለ መድኃኒት ነው። ሰው ይገዛዋል፥ ሁለት ቀን ይረጨዋል፥ ወዲያው ስላልተሻለው ይጥለዋል። መድኃኒቱ ኃይሉን የሚገልጠው በየቀኑ ሳያቋርጡ ረጭተውት ቀናት ካለፉ በኋላ ነው፤ ሙሉ ኃይሉን ለማሳየትም አንዳንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ስቴሮይድ የሚለውን ስም ሰምታችሁም አትፍሩ፤ መጠኑ በጣም ትንሽ ነው፥ ሥራውም በአፍንጫው ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ጉዳት የአፍንጫ መድረቅና ጥቂት መድማት ነው። ለሕፃናት ለረጅም ጊዜ የሚሰጥ እንደ ሆነ ግን ሐኪም ቁመታቸውን እየለካ ይከታተል።

ከዚህ የሚለይ ሌላ የሚረጭ መድኃኒት አለ፤ በጠርሙሱ መልክ ስለሚመሳሰሉ ሰው ያምታታቸዋል። ኦክሲሜታዞሊንና ዛይሎሜታዞሊን የሚባሉት የተዘጋውን አፍንጫ በደቂቃ ውስጥ ይከፍታሉ፥ ስለዚህም ይወደዳሉ፤ ነገር ግን ከሦስት እስከ አምስት ቀን ካለፉ አፍንጫው ያለ እነርሱ የማይከፈት ይሆናል፥ መድኃኒቱ ራሱ የበሽታው ምክንያት ይሆናል። እንዲህ ሆኖ ጠርሙሱን ከትራሱ ሥር ሳያደርግ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አይቻለሁ፤ እርሱን ከዚያ ማላቀቅ ብዙ ሳምንት ፈጅቶብናል።

ስለ «አለርጂ መርፌ» ደግሞ በግልጽ እናገራለሁ። በየዓመቱ ጽጌ ሲመጣ አንድ መርፌ ተወግተው ወሩን በሰላም የሚያሳልፉ ሰዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ያ መርፌ በመላ ሰውነት የሚሰራጭ ብርቱ ስቴሮይድ ነው። የስኳር በሽታ ያለበትን ስኳሩን ከፍ ያደርጋል፥ የደም ግፊትን ይጨምራል፥ ሲደጋገም አጥንትን ያሳሳል። የሚወጋችሁን መርፌ ስሙን ሳትጠይቁ ክንዳችሁን አትስጡ። ይህ ግን በ1911 ዓ.ም. ሌናርድ ኑንና ጆን ፍሪማን በለንደን ቅድስት ማርያም ሆስፒታል ከጀመሩት መርፌ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ እነርሱ ያደረጉት የሣር ብናኝ ውሁድ በጣም በጥቂቱ ጀምሮ መጠኑን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ለበሽተኛው መስጠት፥ አካሉም መንገደኛውን ከሌባ እንዲለይ ማስተማር ነው። ሕክምናው ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል፥ ከእያንዳንዱ መርፌ በኋላም ድንገተኛ ብርቱ የአለርጂ ጥቃት ቢደርስ ወዲያው እንዲታከም ግማሽ ሰዓት በሐኪም ፊት መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ዛሬ ከምላስ ሥር የሚቀመጥ ክኒንም ወጥቶለታል። ከተቈጠሩት መድኃኒቶች ሁሉ የሕመሙን ሥር የሚነካ ይህ ብቻ ነው።

ወደ ባህላዊውና ወደ ሌላው አማራጭ ስንመጣ በአክብሮትም በጥንቃቄም መናገር ይገባል። ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው የጨው ውሃን ነው፤ ርካሽ ነው፥ ተቈጥሮ ጠቃሚነቱ የታየ ነው፥ ለነፍሰ ጡርም ለልጅም አይከለከልም። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ጨው በሩብ ሊትር ውሃ ማሟሟትና አፍንጫን በእርሱ ማጠብ ብናኙንም ሂስታሚኑንም ጠርጎ ያወጣል። ነገር ግን ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ላለን ሦስት ደቂቃ ሙሉ ማፍላት ይገባል። በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ ሉዊዚያና ሁለት ሰዎች አፍንጫቸውን ባልፈላ የቧንቧ ውሃ ታጥበው በውሃው ውስጥ የነበረች አንጎል የምትበላ አሜባ ገድላቸዋለች። እጅግ የሚያጋጥም ነገር አይደለም፤ ሦስት ደቂቃ ማፍላት ከሚያድነን ሞት ግን ቸል አንልም።

በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን አፍንጫው ለጊዜው የተከፈተ እንዲመስል ያደርጋል፥ ሕመሙን ግን አይለውጠውም፤ ልጅን በፈላ ድስት ላይ ማጎንበስም ብዙ ሕፃናትን ለቃጠሎ የዳረገ ነውና በእኔ ምክር ይቅር። ዳማከሴ ለምች የታወቀ ቅጠላችን ነው፥ መዓዛውም ደስ ያሰኛል፤ ጨምቆ በቡና መጠጣቱን አልነቅፍም፥ ጭማቂውን ወደ አፍንጫና ወደ ዓይን ማንጠብጠቡን ግን ተዉ፥ ያበጠውን ገለፈት ያቈስላልና። ጤና አዳም በብዛት ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፥ ጭማቂው የነካው ቆዳም ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ፌጦውና ነጭ ሽንኩርቱ ዕንባ ከማስወረድ በቀር ለዚህ ሕመም ያደረጉት አልታየም። ጥቁር አዝሙድን በተመለከተ ደግሞ እናቴን ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ፤ በዘይቱ ላይ የተደረጉ ጥቂት ትንንሽ ሙከራዎች ማስነጠስንና መዘጋትን በመጠኑ እንደሚያቀል አሳይተዋል። ሙከራዎቹ ትንንሽ ስለ ሆኑ በእርሱ ብቻ ተማምኖ ሌላውን መተው አይገባም፤ ንቆ መጣሉም አይገባም።

ማር ይፈውሳል የሚለው እምነት በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም፤ የአካባቢውን ማር የበላ ሰው የአካባቢውን ብናኝ ይለማመዳል ይላሉ። አሳቡ ከኑንና ከፍሪማን አሳብ ጋር ይመሳሰላል፥ ነገር ግን ንብ የምትሰበስበው ከባዱን የአበባ ብናኝ እንጂ ነፋስ የሚያመጣውን የሣር ብናኝ አይደለም፤ በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ በ36 ሰዎች ላይ በተደረገ ምርመራም የአካባቢው ማር ማር ከመሰለ ሽሮፕ በልጦ አልተገኘም። ማሩን ለጣዕሙ ብሉት፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ፈጽሞ አትስጡ። ከአውሮፓ በኩል ደግሞ በተርበር የሚባል ተክል፥ በ2002 ዓ.ም. ስዊስ ሐኪሞች በ125 ሰዎች ላይ መርምረው ከሴቲሪዚን ጋር የሚተካከል ሆኖ አግኝተውት ነበር፤ ነገር ግን በተክሉ ውስጥ ጉበት የሚጎዳ ንጥረ ነገር ስላለበት እኔ አልመክረውም። ቻይናውያን በመርፌ የሚወጉት አኩፓንክቸር በ2013 ዓ.ም. በጀርመን አገር በ422 ሰዎች ላይ ተመርምሮ መጠነኛ ጥቅም ተገኝቶበታል። ዋግምትን ግን ቦስቶክ አስቀድሞ በደሙ ሞክሮልናልና ወደ እርሱ አንመለስ።

ስለ ጸበል የሚጠይቁኝ አሉ። ጸበል የእምነት ነገር ነውና በመድኃኒት ሚዛን አላኖረውም፤ በመጽሐፈ ሲራክ ስለ ሐኪም ክብር የተጻፈውን የሚያነብ ክርስቲያን ግን፥ ወደ ጸበል መሄዱ ወደ ሐኪም መሄዱን እንደማይከለክለው ያውቃል። ያዘዙለትን መድኃኒት አቋርጦ የሚሄድ፥ በተለይም አስም ያለበት ሰው፥ ነፍሱን አደጋ ላይ ይጥላል።

ይህ ሕመም ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የበዛው ስለ ምን ነው? ብላክሊ በዘመኑ ድርቆሽ ሲያጭዱ የሚውሉት ገበሬዎች እንደማይታመሙ፥ የከተማ ሰዎችና የተማሩት ግን እንደሚታመሙ አይቶ ተደንቆ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ዴቪድ ስትራካን የተባለ እንግሊዛዊ ከ17,000 የሚበልጡ ልጆችን መዝገብ መርምሮ፥ ታላላቆች ብዙ ያሉት ልጅ በዚህ ሕመም የመያዙ ዕድል አነስተኛ እንደ ሆነ ጻፈ፤ ልጅ በሕፃንነቱ ከሌሎች ልጆች የሚቀበለው ጥቃቅን በሽታ አካሉን ያስተምረዋል ማለቱ ነበር። የእኛም አገር ለዚህ ምርምር ድርሻ አላት፤ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ተደርጎ በ1997 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመው ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው የሚበዛ መሆኑን ገለጠ፥ ከአራት ዓመት በኋላ የወጣውም የመንጠቆ ትል በብዛት ያለበት ሰው ደረቱ የማፏጨት ዕድሉ ያነሰ መሆኑን ጨመረ። ይህን ሰምታችሁ ትልን ሆድ ውስጥ ማቆየት መድኃኒት ነው አትበሉ፤ የመንጠቆ ትል ደም ይመጥጣል። የሚያስተምረን አካል በልጅነቱ በምን ዓይነት ዓለም እንዳደገ ለዕድሜው ሁሉ እንደሚያስታውስ ነው።

ወደ ውጭ አገር የሄዱ ወገኖቻችንም ይህን በራሳቸው አይተውታል። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ብዙዎች አገር ቤት ሳሉ አስነጥሰው የማያውቁ፥ ጥቂት ዓመት ከተቀመጡ በኋላ፥ በሚያዝያ የኦክ ዛፍ ብናኝ መኪናውን ቢጫ ሲያለብሰው ዓይናቸው መቃጠል ይጀምራል፤ በነሐሴና በመስከረም ደግሞ ራግዊድ የሚባለው አረም ይከተላል። በእስራኤል ያሉትን የወይራ ብናኝና የጥድ ዘመድ የሆነው የሳይፕረስ ብናኝ ያገኛቸዋል። ከሄዱበት አገር ወደ እኔ እየደወሉ «ምች ነው ወይስ የአገሩ አየር አልስማማኝ ብሎ ነው» የሚሉኝ አሉ፤ የምመልስላቸው በየትኛው ወር እንደሚጀምራቸው በወረቀት እንዲጽፉ ነው፤ የሁለት ዓመት መዝገብ የዛፉን ስም ይነግራቸዋል።

ለእናንተም ይህንኑ እላለሁ፤ ጻፉ። ዘንድሮ በየትኛው ቀን እንደ ጀመራችሁ የጻፋችሁ እንደ ሆነ፥ በሚመጣው ዓመት የአፍንጫውን መርጫ ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ መጀመር ትችላላችሁ፤ የመስቀል ሰሞን የሚያመው ሰው በዘመን መለወጫ ሰሞን ይጀምር ማለት ነው። ጧት መስኮት አትክፈቱ፤ ከመስክ ስትመለሱ ፊታችሁን ታጠቡ፥ ልብሳችሁን ለውጡ፤ በወራቱ የታጠበ አንሶላና ነጠላ ሣር ላይ አታስጡ። ደረታችሁ የሚያፏጭ፥ ሌሊት የሚያስላችሁ ወይም ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ከአፍንጫ አልፎ ወደ ሳንባ ወርዷልና የእኔ የመድኃኒት ቤት ምክር አይበቃችሁም፤ ሐኪም ይያችሁ። በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር በአውስትራሊያ በሜልቦርን ከተማ ነጐድጓድ ያለበት ዝናብ የሣር ብናኝን ሰባብሮ ወደ ሳንባ እስኪገባ አድቅቆት፥ በአንድ ምሽት ብዙ ሺህ ሰው ትንፋሽ አጥሮት ሐኪም ፍለጋ ወጥቷል፥ ዐሥር ሰዎችም ሞተዋል፤ ከታመሙት ብዙዎቹ አፍንጫቸውን ብቻ የሚያማቸው መስሏቸው የኖሩ ነበሩ።

የአፍንጫውን መርጫ የአረጫጨት ሥርዓት ግን በቃል መንገር አያጠግብም። ጠርሙሱን ይዤ መጥቻለሁ፤ ጠርሙሱ ይናወጣል፥ ራስ ወደ ፊት ጥቂት ይዘነበላል እንጂ ወደ ኋላ አይጋደምም፥ የግራው ቀዳዳ በቀኝ እጅ፥ የቀኙ በግራ እጅ ይረጫል፥ የጠርሙሱም አፍ ከመካከለኛው የአፍንጫ አጥንት ወደ ጆሮ በኩል ይዞራል፥ ትንፋሽም በዝግታ ይሳባል። ማየት የምትፈልጉ፥ በተለይ ልጅ ያላችሁ፥ ወደ ፊት ቅረቡ።